የመኪና መሪ ሲዞር የሚሰማ ጩኸት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዳማ ውስጥ መኪና ከሚያሽከረክሩ ሰዎች በየጊዜው የሚቀርቡልኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እንደሚከተለው መልሻለሁ።

መሪ ስጠመዝዝ የሚሰማኝ ጩኸት ምንድን ነው? ከየትስ ይመጣል?

መሪያቸው በዘይት ግፊት የሚቀል መኪኖች ሞተሩ በቺንጋ (በቀበቶ) የሚያዞረው አንድ ትንሽ ፓምፕ አላቸው። ፓምፑ የመሪ ዘይቱን ከማጠራቀሚያው ዕቃ ይስብና ግፊት ጨምሮበት በጠንካራው ቱቦ የፊት ጎማዎቹን ወደሚያዞረው የመሪ ቦክስ ይልከዋል፤ ዘይቱም ሥራውን ከጨረሰ በኋላ በመመለሻው ቱቦ ወደ ዕቃው ይመለሳል። መሪውን በጠመዘዝን ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። መሪው ጥግ ሲደርስ በብዙ የቤት መኪኖች ላይ ከ70 እስከ 100 ባር ሊደርስ ይችላል። ይህ ምን ያህል እንደሆነ ለመገመት፣ ጎማ ቤት ሄደን «32 ሙላልኝ» የምንለው የጎማ ነፋስ 2.2 ባር ገደማ ብቻ መሆኑን ማሰብ ይበቃል።

ፓምፑ የሚጮኸው አብዛኛውን ጊዜ አየር የተቀላቀለበት ዘይት ሲደርሰው ወይም የሚፈልገውን ያህል ዘይት ሳያገኝ ሲቀር ነው። ከዘይቱ ጋር የገቡት ጥቃቅን አረፋዎች ወደ ከፍተኛው ግፊት ሲሻገሩ በቅጽበት ይጨፈለቃሉ፤ ይህ በሰከንድ ውስጥ እጅግ ብዙ ጊዜ ስለሚደጋገም ለጆሯችን እንደ አንድ ቀጭን የተሳበ ድምፅ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ ጩኸቱ በራሱ «ፓምፑ ሞቷል» የሚል ፍርድ አይደለም። ብዙ ባለንብረቶች ጩኸት በሰሙ ማግስት ፓምፕ ፍለጋ ሲሮጡ አያለሁ፤ ይህ ጽሑፍ በዋናነት ያንን ወጪ ለማስቀረት የተዘጋጀ ነው።

የእኔ መኪና መሪ በዘይት ይሠራል ወይስ በኤሌክትሪክ?

የሞተሩን ክዳን ከፍተው ክብ ወይም አራት ማዕዘን የሆነ፣ ክዳኑ ላይ የመሪ ምልክት ወይም የዘይት ዓይነት የተጻፈበት ትንሽ ዕቃ ይፈልጉ። ካለ መሪዎ በዘይት ይሠራል ማለት ነው። በከተማችን ከሚታዩት መኪኖች ቀደም ያሉት ኮሮላዎች፣ ሃይሉክስ፣ የሕዝብ ማመላለሻ የሆነው ሃይኤስና የኢሱዙ የጭነት መኪኖች በዚህ ወገን ናቸው።

ዕቃው ከሌለ መሪው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚታገዝ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ስዙኪ ዲዛየር፣ አብዛኞቹ ቪትዞችና ያሪሶች፣ እንዲሁም አሁን በብዛት እየገቡ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች እንዲህ ናቸው። ለእነዚህ የመሪ ዘይት የሚባል ነገር የለም፤ ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ ዘይትና ስለ አየር የሚነገረው አይመለከታቸውም፤ የእነሱ ጉዳይ ከመጨረሻው በፊት ባለው ጥያቄ ሥር ተመልሷል።

ጩኸቱ የመሪ ፓምፕ እንጂ የሌላ አካል አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?

መኪናውን በተስተካከለ ቦታ አቁመው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛው ዙር) እየሠራ ሳለ መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ። ድምፁ ከመሪው ጋር አብሮ ከፍና ዝቅ የሚል፣ ነዳጅ ሲሰጡትም የሚቀጥን ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ፓምፑ ያዘነብላል። መሪው ቀጥ ብሎ ሳለም ከሞተሩ ዙር ጋር እኩል የሚያለቅስ ድምፅ ካለ ግን የዲናሞው ኩሽኔታም (የሚዞረውን ዘንግ የሚሸከመው የኳስ ቀለበት) ሊሆን ስለሚችል፣ መካኒኩ ረጅም ጠመንጃ መፍቻ ወደ ፓምፑና ወደ ዲናሞው አካል በተራ እያስጠጋ በእጀታው በኩል ቢያዳምጥ ይለየዋል። ይህ ሲደረግ እጅጌና የአንገት ልብስ ከሚዞረው ቺንጋ መራቅ አለበት።

ከዚያ ሞተሩን አጥፍተው መሪውን እንደገና ለማዞር ይሞክሩ። ሞተሩ ጠፍቶም የሚንቋቋ ወይም የሚያቃስት ድምፅ ከተሰማ ነገሩ ከፓምፑ ጋር አይገናኝም፤ የደረቀ ቴስቲና (የመሪ ዘንጉን ከጎማው ጋር የሚያያይዘው የኳስ መጋጠሚያ)፣ የመሪ ዘንግ መገጣጠሚያ ወይም የፊት ሾክ አናት ላይ ያለው ኩሽኔታ ይታይ። መኪናው ሲሄድ ብቻ የሚሰማና ከሞተሩ ዙር ይልቅ ከመኪናው ፍጥነት ጋር የሚጨምር ጉርምርምታ የጎማ ኩሽኔታ ጠባይ ነው። ጥግ ድረስ ጠምዝዞ ሲነሱ የሚሰማ «ቀጭ ቀጭ» ደግሞ የአክሰሉ መጋጠሚያ ነው።

የቺንጋ ድምፅ ከፓምፑ ድምፅ ጋር በጣም ይምታታል። የቺንጋው ሹልና ድንገተኛ ጩኸት ነው፤ መሪው ጥግ ሲደርስ ወይም ጠዋት ሞተር ሲነሣ ጮኾ ዝም ይላል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ በቺንጋው የውስጥ ገጽ ላይ ከራቅ ብሎ ጥቂት ውኃ ረጨት ቢያደርጉና ድምፁ ለአፍታ ቢጠፋ ወይም ቢለወጥ ጥፋተኛው ቺንጋው ነው። አሮጌውን ወይም የተሰነጣጠቀውን መለወጥ፣ የላላውን ማጥበቅ ይበቃል። ነገር ግን ጩኸቱን ለማጥፋት ሲባል ከልክ በላይ ማጥበቅ የፓምፑንና የዲናሞውን ኩሽኔታ ስለሚጨርስ ሌላ ጩኸት ገዝቶ እንደ መመለስ ነው።

መሪውን ጥግ ድረስ ስጠመዝዝ ብቻ የሚጮኸው ችግር ነው?

ጥግ ላይ ብቻ የሚሰማ ዝቅ ያለ የማቃሰት ወይም የ«ሽሽሽ» ድምፅ የተለመደ ነው። መሪው መሄጃ ሲያጣ በፓምፑ ውስጥ ያለው የግፊት መልቀቂያ ቫልቭ ይከፈታል፣ ዘይቱም እዚያው ይዞራል። መሪውን ከጥግ ትንሽ ሲመልሱት ወዲያው ዝም ካለ የሚያሳስብ ነገር የለም።

የሚያሳስበው ልማዱ ነው። ከሆቴሎችና ከሱቆች ፊት ለፊት በጠባቡ ቦታ መኪና ስናቆም፣ ባጃጆች መሐል ለመዞርም ስንሞክር መሪውን ጥግ ላይ ይዘን መንገድ እስኪለቀቅልን የምንጠብቅ ብዙዎች ነን። በዚያ ሁኔታ ዘይቱ በከፍተኛ ግፊት ባለበት እየዞረ በፍጥነት ይግላል። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰከንድ በላይ ጥግ ላይ አይያዙት፤ ጥቂት ጣት ያህል መለስ ማድረግ ግፊቱን ያወርደዋል።

የመሪ ዘይቱን እንዴት ልለካ?

መኪናውን በተስተካከለ ቦታ ያቁሙ። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን በንጹሕ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ይህን ትንሽ ነገር አጥብቄ የምናገረው የአዳማ ነፋስና አቧራ በክዳኑ ዙሪያ የሚከምረው ደቃቅ አሸዋ፣ ክዳኑ ሲዞር በቀጥታ ወደ ዕቃው ስለሚወድቅ ነው። አሸዋው ከዘይቱ ጋር ወደ ፓምፑ ከገባ ውስጡን እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ብዙ ዕቃዎች ላይ ለቀዝቃዛና ለሞቀ ዘይት የተለያዩ መስመሮች አሉ። ጠዋት ሞተር ሳይነሣ ከሆነ የቀዝቃዛውን፣ ከጉዞ በኋላ ከሆነ የሞቀውን ያንብቡ። አንዳንዱ ዕቃ ግልጽ ፕላስቲክ ነው፤ አንዳንዱ ከክዳኑ ጋር የተያያዘ መለኪያ አለው። ደረጃውን ብቻ ሳይሆን መልኩንም ይመልከቱ። ጥሩው ዘይት አሳላፊና እንደ ዓይነቱ ቀይ፣ ወርቃማ ወይም አረንጓዴ ነው። የጠቆረና ተቃጠለ የሚል ሽታ ያለው መለወጥ አለበት። እንደ ወተት ሻይ የደፈረሰ ወይም ላዩ አረፋ የያዘ ከሆነ ደግሞ አየር እየገባ መሆኑን በዓይንዎ አዩ ማለት ነው።

ምን ዓይነት ዘይት ልጨምር? የፍሬን ዘይት ወይም የሞተር ዘይት ይሆናል?

የፍሬን ዘይት በምንም ምክንያት አይጨመርም። ሁለቱ ዕቃዎች ሞተር ክፍሉ ውስጥ ተቀራርበው ስለሚገኙ በስህተት የሚጨምሩ ሰዎች አሉ፤ የፍሬን ዘይት ለመሪ ዘይት የተሠሩትን ላስቲኮችና ኦሪንጎች (መገጣጠሚያ የሚደፍኑ የላስቲክ ቀለበቶች) ያሳብጣቸዋል፣ ያለሰልሳቸዋልም፤ ከዚያ በኋላ የሚያፈሰው አንድ ቦታ ብቻ አይሆንም። እንዲህ ከተፈጠረ ሞተሩን ሳያስነሡ ዘይቱን አስወጥተው ማጠብ ያስፈልጋል። የሞተር ዘይትም ቦታው ይህ አይደለም።

ትክክለኛው ዓይነት በክዳኑ ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ብዙ ቶዮታዎች ለአውቶማቲክ ካምቢዮ የሚሆነውን ቀዩን የኤቲኤፍ ዘይት፣ ዴክስሮን 2 ወይም 3፣ ይጠቀማሉ። ሆንዳ የራሱን የመሪ ዘይት ይጠይቃል። ሂዩንዳይና ኪያ ፒኤስኤፍ-3 ወይም ፒኤስኤፍ-4 የሚል ሊጽፉ ይችላሉ። ብዙ የጀርመን መኪኖች ደግሞ አረንጓዴውን ሲኤችኤፍ ይፈልጋሉ። «ሁሉም የመሪ ዘይት አንድ ነው» የሚለው የሱቅ ንግግር ትክክል አይደለም፤ ቅጥነታቸውና በውስጣቸው ያለው ቅመም ስለሚለያይ የተሳሳተ ዘይት ብቻውን ጩኸት ሊያመጣ ይችላል። ቀዩና አረንጓዴው ከተደባለቁ በመልክ ለመለየት ስለሚያስቸግር ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ መለወጥ ይሻላል።

መሪው እየጮኸ ወደ አዲስ አበባ መሄድ እችላለሁ?

ዘይቱ ልክ ከሆነ፣ የሚያንጠባጥብ ነገር ከሌለ፣ መሪውም እንደ ወትሮው ቀላል ከሆነ እስከ ጋራዥ መድረስ ይቻላል። ዘይቱ በየቀኑ የሚጎድል ከሆነ ግን አይሂዱ። በፈጣኑ መንገድ ላይ መኪናው በፍጥነት ስለሚሄድ መሪው እርዳታ ባያገኝም ብዙም አይከብድም፤ ችግሩ የሚታወቀው ፍጥነት ቀንሰው ወደ ክፍያ ጣቢያው ሲገቡ ወይም አደባባይ ላይ ሲዞሩ ነው። እርዳታው ድንገት ሲቋረጥ መሪው አይቆለፍም፣ ነገር ግን በጣም ስለሚከብድ ያልጠበቀ አሽከርካሪ መስመሩን ሊስት ይችላል።

ሁለት ተጨማሪ አደጋዎች አሉ። አንደኛው፣ የሚያፈስ ዘይት በጋለው የጭስ ማውጫ ላይ ከወደቀ ሊቀጣጠል ይችላል፤ ስለዚህ ከጩኸቱ ጋር የተቃጠለ ዘይት ከሸተተዎ ወዲያው ዳር ይያዙና ሞተሩን ያጥፉ። ሁለተኛው፣ በብዙ መኪኖች አንዱ ቺንጋ ፓምፑን፣ ዲናሞውንና የውኃ ፖምፓውን በአንድነት ስለሚያዞር፣ የፓምፑ ኩሽኔታ ነክሶ ቺንጋውን ቢበጥስ ሞተሩ ወዲያው መሞቅ ይጀምራል። ለመሪ የተናቀ ጩኸት የሞተር ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) እስከ ማቃጠል የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው።

ጠዋት ጠዋት ብቻ ጮኾ በኋላ የሚተወውስ?

ዘይት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ፓምፑም ለመሳብ ይቸገራል። ከአዳማ ሙቀት ወጥተው አሰላ ያደሩ አሽከርካሪዎች ጠዋት ላይ ይህን ድምፅ የሚሰሙት ከተማዋ ከአዳማ በብዙ መቶ ሜትር ስለምትበልጥ ሌሊቷ ስለሚበርድ ነው። ሞተር ከተነሣ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ በኋላ ከጠፋ፣ ዘይቱም ልክ ከሆነ፣ ለጊዜው መከታተል ይበቃል።

ሆኖም በአዳማው ጠዋት፣ ብርድ በሌለበት፣ ተመሳሳይ ጩኸት ከተሰማ ዘይቱ አርጅቷል ወይም በማጠራቀሚያው ዕቃ ውስጥ ያለው ወንፊት ተዘግቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። በብዙ ዕቃዎች ታች ላይ ዘይቱን የሚያጣራ ደቃቅ ወንፊት አለ። ለዓመታት ያልተለወጠ ዘይት ዝቃጩን እዚያ ላይ ይለጥፋል፤ ፓምፑም በተዘጋ ቀጭን ቱቦ ፈሳሽ ለመሳብ እንደሚታገል ሰው ይሆናል። ዕቃውን ፈትቶ ማጠብ፣ ካልጸዳም መለወጥ መፍትሔው ነው።

ዘይት ጨመርኩ፣ አሁንም ይጮኻል። ምን ቀረ?

አየሩ ቀርቷል። ዘይቱ ጎድሎ በነበረበት ጊዜ ፓምፑ አየር ስቦ ነበር፤ ያ አየር በመሪ ቦክሱና በቱቦዎቹ ውስጥ ስላለ ዘይት መጨመር ብቻውን አያስወጣውም። ማስወጣቱ ቀላል ሥራ ነው፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥተው በመቆሚያ ያስደግፉ፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ዕቃውን እስከ ቀዝቃዛው መስመር ይሙሉና መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለው ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያዙሩት። አንድ ሰው ዕቃውን እየተመለከተ ዘይቱ ሲወርድ ይጨምር፤ አረፋዎቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ይታያሉ። አረፋው ሲያቆም ሞተሩን ያስነሡ፣ በሚኒሞ እየሠራ ሳለም መሪውን በቀስታ ጥቂት ጊዜ ያዙሩት። ነዳጅ አይስጡት፤ ፓምፑ በፍጥነት ከዞረ አየሩን ይበልጥ ያደቀዋል፣ የደቀቀ አረፋ ደግሞ ቶሎ አይወጣም። ዘይቱ ከደፈረሰ ሞተሩን አጥፍተው ግማሽ ሰዓት ያህል ይተዉት፣ ከዚያ እንደገና ይጀምሩ።

ሥራው መጠናቀቁን የሚያረጋግጥ አንድ ጥሩ መለኪያ አለ። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ እየሠራ ሳለ የዘይቱን ደረጃ ምልክት ያድርጉና ሞተሩን ያጥፉ። ዘይቱ ሞተሩ ሲጠፋ ከፍ ካለ ውስጡ የታመቀ አየር ነበረ ማለት ነው። የቶዮታ የጥገና መመሪያዎች ይህ ጭማሪ ከ5 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛሉ፤ ከበለጠ አየሩ አልወጣም።

አየሩን ባስወጣሁ በሳምንቱ ጩኸቱ ይመለሳል። ወለሉ ላይ ግን ጠብታ የለም።

አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «የሚያፈስ ቦታ ካለ ዘይት ይታያል» የሚለው ሐሳብ ለግፊት ቱቦው ትክክል ነው። ከማጠራቀሚያው ወደ ፓምፑ የሚወስደው የመሳቢያ ቱቦ ግን ግፊት የለበትም፤ ይልቁንም ፓምፑ ስለሚስብበት በውስጡ ያለው ጫና ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ስለዚህ በዚህ ቱቦ ላይ ያለ ትንሽ ክፍተት ዘይት ወደ ውጭ ከማስወጣት ይልቅ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ዘይቱ ልክ ነው፣ ፓምፑ ግን ይጮኻል።

የሚፈተሹት ነገሮች ጥቂት ናቸው፦ የቱቦው ሁለት ጫፎች፣ ፋሼታዎቹ (ቱቦውን አጥብቀው የሚይዙት ቀለበቶች)፣ ቱቦው በሙቀት ደርቆ የተሰነጠቀ መሆን አለመሆኑ፣ በተለይ ደግሞ ቱቦው ከፓምፑ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለው ኦሪንግ። በብዙ የጃፓን መኪኖች ይህች ኦሪንግ ከትንሿ የጣት ቀለበት የማትበልጥ ናት። ከዓመታት የሞተር ሙቀት በኋላ ስትወጣ ክብነቷ ጠፍቶ አንድ ወገኗ ጠፍጣፋ ሆኖ፣ በጥፍር ሲጫኗትም እንደ ፕላስቲክ ደርቃ ትገኛለች። ለመለየት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ወፍራም ግሪስ አድርገው ከዚያ ሞተሩን አስነሥተው ያዳምጡ፤ ግሪሱ ክፍተቱን ለጊዜው ስለሚደፍን ድምፁ ከቀነሰ ቦታው ተገኝቷል። ግሪሱን እንደ ጥገና ቆጥሮ መተው ግን አይገባም።

ዘይቱ ይጎድላል፣ ግን የሚንጠባጠብበት አይታይም። የት ይሄዳል?

የመጀመሪያው መደበቂያ በመሪ ቦክሱ ግራና ቀኝ ያሉት የሚተጣጠፉ የላስቲክ ሽፋኖች ናቸው። የቦክሱ ማኅተም ሲያልቅ ዘይቱ እዚያ ውስጥ ይጠራቀማል። ከመኪናው ሥር ሆነው ሽፋኑን በእጅ ጫን ሲያደርጉት ፈሳሽ የሚንቦጫቦጭ ከሆነ ቦክሱ መጠገን ወይም መለወጥ አለበት።

ሁለተኛው የፓምፑ ዘንግ ማኅተም ነው። ከዚያ የሚወጣው ዘይት በሚዞረው ፑሊ (ቺንጋው በሚጠመጠምበት ክብ ብረት) ተበትኖ ሞተሩን በስሱ ያለብሰዋል፤ አቧራ ሲይዘው ደግሞ እንደ ጥቁር ጭቃ ይሆንና ዘይት መሆኑ ይረሳል። ሞተሩን አጥቦ ከሁለት ቀን በኋላ መመልከት እውነቱን ያወጣዋል።

ሦስተኛውን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው። በአንዳንድ የቆዩ ቶዮታዎች ፓምፑ ወይም ቦክሱ ላይ፣ መሪ ሲጠመዘዝ የሞተሩ ሚኒሞ እንዳይወርድ አየር የሚጨምር ትንሽ ቫልቭ አለ፤ ሁለት ቀጫጭን የአየር ቱቦዎች ወደ ሞተሩ አየር መሳቢያ ይሄዱበታል። ቫልቩ ከውስጥ ሲያፈስ ሞተሩ የመሪውን ዘይት ጠጥቶ ያቃጥለዋል። ባለቤቱ ከጭስ ማውጫው ነጭ ጭስ ሲያይ የሞተር ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ያለቀ ይመስለዋል፤ ሞተር ለማስወረድ የተዘጋጁ ሰዎችም አጋጥመውኛል። ቀጫጭኖቹን ቱቦዎች ነቅሎ ውስጣቸው በዘይት የራሰ መሆኑን ማየት ብቻ ይበቃ ነበር።

ለጭነት መኪና ባለቤቶችም አንድ ነገር ልጨምር፣ አዳማ የጅቡቲ መስመር ከተማ ናትና። በብዙ የጭነት መኪኖች ፓምፑ የሚዞረው በቺንጋ ሳይሆን በቀጥታ በሞተሩ ጥርስ ነው። የዘንጉ ማኅተም ሲያልቅ የመሪው ዘይት ወደ ሞተሩ ይገባል። የመሪ ዘይት እየጎደለ የሞተር ዘይቱ ሳይጨመርበት መለኪያው ላይ ከፍ ካለ ምልክቱ ይህ ነው።

ፓምፑ በእርግጥ ሞቷል የሚባለው መቼ ነው?

ዘይቱ ትክክለኛና ንጹሕ፣ ቺንጋው ደህና፣ ወንፊቱ የጸዳ፣ የመሳቢያው መስመር አየር የማያስገባ ሆኖ አየሩም በሚገባ ወጥቶ ጩኸቱ ከቀጠለ ያን ጊዜ ፓምፑን መውቀስ ይቻላል። ከጩኸቱ ጋር መሪው በሚኒሞ ከብዶ ነዳጅ ሲሰጡት የሚቀል ከሆነ፣ ፑሊው ሲነቀንቁት የሚወዛወዝ ከሆነ ወይም ዘይቱ በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ላይ ሲፈስ ብር የመሰለ ብልጭልጭ የብረት ብናኝ ካሳየ ፍርዱ ይጸናል። ብናኝ ከታየ ፓምፑን ብቻ መለወጥ በቂ አይደለም፤ ዕቃውም ቱቦዎቹም ካልታጠቡ ብናኙ ለአዲሱ ፓምፕ ይተርፋል።

መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ የሚቀርብልዎ ምርጫ ብዙውን ጊዜ «አዲስ ኮፒ» ወይም «ያገለገለ ኦሪጅናል» ነው። እኔ በደንብ የተመረጠውን ያገለገለ ኦሪጅናል እመርጣለሁ፣ ግን በእጅ ሳይፈትሹ አይግዙ። ፑሊውን በእጅዎ ሲያዞሩት እኩል በሆነ ልስላሴ መዞር አለበት፤ የሚያሻክር፣ የሚነክስ ወይም ወደ ጎን የሚነቃነቅ ከሆነ ይተዉት። ከአፉ የሚወጣውን የቀረ ዘይት ጣትዎ ላይ አድርገው ያሽትቱት፤ የተቃጠለ ከሸተተ የቀድሞው መኪና ለምን እንደ ጣለው ነግሮዎታል።

የእኔ መሪ ኤሌክትሪክ ነው፤ ግን ይጮኻል። ምን ይሆን?

ቆሞ ሲጠመዘዝ የሚሰማ ስስ የ«ህምም» ድምፅ የረዳት ሞተሩ የሥራ ድምፅ ነው። ድምፁ ሻካራ ከሆነ ወይም መሪው አንድ ቦታ ላይ ያዝ ለቀቅ ካደረገው በመሪ ዘንጉ ላይ ያለው የጥርስ ቅንብር ወይም የሞተሩ ኩሽኔታ ይመርመር። ከመሪው ሥር የሚሰማ የወረቀት መተሻሸት የመሰለ ኮሽታ ደግሞ ለአየር ከረጢቱና ለክላክሱ ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው የተጠቀለለ ሽቦ ሊሆን ይችላል፤ ከከረጢቱ ጋር ስለሚያያዝ ልምድ የሌለው ሰው እንዳይነካው።

በጠባብ ቦታ ደጋግመው ከጥግ እስከ ጥግ ሲጠመዝዙ መሪው ቀስ በቀስ ከከበደና ካረፈ በኋላ ከተመለሰ፣ ሲስተሙ ሙቀት ሲበዛበት ራሱን እየጠበቀ ነው። በዳሽቦርዱ ላይ የመሪ ምልክት ከበራ ግን ከሁሉ በፊት ባትሪውንና የባትሪ ገመዶቹን ያስፈትሹ፤ ይህ ሲስተም ብዙ ኤሌክትሪክ በአንድ ጊዜ ስለሚስብ የደከመ ባትሪ ቀድሞ የሚታወቀው በመሪው ነው። ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተር ባለው ጋራዥ የስህተቱ ኮድ ይነበብ።

አዲስ ፓምፕ ገባልኝ፣ ጩኸቱ ግን እንዳለ ነው። አሁንስ?

ይህ በራሴ መኪና ላይ ስለደረሰ በሚገባ አውቀዋለሁ። የኮሮላዬ መሪ ሲጮኽ አንድ ጋራዥ ፓምፑን ለወጠልኝ፤ በሦስተኛው ቀን ጩኸቱ ተመለሰ። «የገባው ፓምፕ ደካማ ነው» ተብሎ ሁለተኛ ተገዛ፤ እሱም ጮኸ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ እኔው ቁጭ ብዬ የመሳቢያውን ቱቦ ከፓምፑ ሳላቅቅ የመጀመሪያዋ ኦሪንግ አሁንም እዚያው ነበረች፤ ሁለት ፓምፕ ሲለወጥ እሷ ከቱቦው አንገት ላይ አልተነሣችም። ስሰብራት እንደ ደረቅ ቆርኪ ተሰነጠቀች። አዲሷን በንጹሕ የመሪ ዘይት አርሼ ካስገባሁና አየሩን ካስወጣሁ በኋላ ጩኸቱ ጠፋ፤ መጀመሪያ የወለቀው ፓምፕም በጎ እንደ ነበር የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ስለዚህ ፓምፕ ተለውጦ ጩኸቱ ከቀጠለ ሦስተኛ ፓምፕ ከመግዛትዎ በፊት ለሠራልዎ ሰው እነዚህን ይጠይቁት፦ የመሳቢያው ኦሪንግና ፋሼታ ተለውጧል? የማጠራቀሚያው ወንፊት ታጥቧል? የገባው ዘይት ክዳኑ ላይ የተጻፈው ነው? አየሩ የወጣው ጎማዎቹ ተነሥተው፣ ሞተሩም ጠፍቶ ነው? ፓምፑ ሲገባ ዘይት ሳይሞላበት ሞተሩ ተነሥቶ ከነበረ ለጥቂት ሰከንድም ቢሆን በደረቁ ስለ ዞረ ሊጎዳ ይችላል። የግፊት ቱቦው በመገጣጠም ጊዜ ተጠምዝዞ የመኪናውን አካል የሚነካ ከሆነም ደህና የሆነ ፓምፕ ንዝረት ወደ ውስጥ ተላልፎ ጩኸት ይመስላል፤ ቱቦውን በእጅ ከብረቱ ገፋ አድርጎ መያዝና ማዳመጥ ያንን ይለየዋል። አሮጌውንም ፓምፕ ሳይጥሉ ይዘውት ይመለሱ።